ቀዩ ምልክት

ጋሽ ቆጣሪ በዕድሜው አንድም ቆጣሪ አንብቦ አያውቅም። ቆጣሪ የሚያነቡት ሌሎች ናቸው፤ ደብተር ይዘው በየደጁ የሚዞሩት፣ ውሻ የሚያባርራቸው። እሱ የፓምፕ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ከውኃ መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ቆጣሪ አንባቢውን ብቻ ስለሆነ ስሙን ለጠፈበት። መጀመሪያ ሰሞን «እኔ ቆጣሪ አላነብም፤ ውኃውን ወደ ቤታችሁ የምገፋው ነኝ» እያለ ያስረዳ ነበር። በጥሞና ይሰሙትና «ገባን፣ ጋሽ ቆጣሪ» ይሉታል። በመጨረሻ ተዋቸው።

ስም ማውጣታቸው ካልቀረ «ማን አዘዘ» ቢሉት ይሻል ነበር። ሰውየው አንድ ነገር ካየ ሥሩን ሳይቆፍር እንቅልፍ አይወስደውም። መብራት ብልጭ ድርግም ቢል፣ የጎረቤት ዶሮ ያለ ሰዓቱ ቢጮህ፣ «ማን አዘዘው?» ይላል። ማሽን በራሱ አያብድም፣ ያሳበደው አለ ባይ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ጊዜ የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰ አስቸገራት፤ እሱም ምክንያቱን ላግኝ ብሎ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታው። ምክንያቱን አግኝቷል፣ አይካድም። መልሶ የገጠመው ግን ከገበያ የተጠራ ጠጋኝ ነው፤ ለሠርግ የተቆረጠው ቀሚስም ሠርጉ ካለፈ በኋላ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ክር ሲበጠስባት ድምፅዋን አጥፍታ ነው የምታስተካክለው።

ጣቢያው ከከተማው ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። ሦስት ፓምፖች በተርታ ተተክለዋል። ሦስቱም ሲነሱ ወለሉ ከጫማ ሥር ይነዝራል፤ ሰው በሰው ጆሮ ላይ ቢጮህ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ እዚያ በአፉ የሚያወራ የለም፣ ወሬው ሁሉ በእጅ ነው። ይህን የእጅ ቋንቋ ያወጣው የጋሽ ቆጣሪ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሥራውን ያስተማረውም፣ ከእሱ በፊት የጣቢያው ኃላፊ የነበረውም እሱ ነው። መዳፍ ተዘርግቶ ሲወርድ «ግፊቱን ቀንስ» ማለት ነው፤ ሲነሳ «ጨምር»። ጡጫ በአየር ላይ ክብ ሲሠራ «ሞተሩ ይሠራል፣ ደህና ነው»። አውራ ጣት ጆሮን ሲነካ «ትሰማኛለህ?» ወንድማማቾቹ ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያወሩ ኖሩ። በአፍ የማውራት ነገር ሲመጣ ነበር የሚቸግራቸው፤ እቤት ቁጭ ብለው ሁለት ቃል ከተለዋወጡ ዝም ይሉና ሚስቶቻቸው ይስቁባቸዋል።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ታላቅየው ከሁለተኛው ፓምፕ ፊት ቆሞ መዳፉን ወደ ታች አወረደ። ጋሽ ቆጣሪ ግፊቱን ቀነሰ። መዳፉ ግን መውረዱን አላቆመም፤ ክንዱ ተከተለ፣ ትከሻው ተከተለ፣ ሰውየው ራሱ ተከተለ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ከአልጋ ሲነሳ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ከቃል ሁሉ ደግሞ አንዲት ብቻ ቀረችለት፤ «ቆይ»። ሲጠማው «ቆይ» ይላል፣ ሲደክመው «ቆይ»፣ የልጅ ልጁ ስትስመው «ቆይ»። ደም ግፊት እንደነበረበትም የታወቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን «አመመኝ» ብሎ አያውቅም።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ በሚያስደርገው ምርመራ ላይ ለጋሽ ቆጣሪ «መቶ ሰባ በመቶ አምስት» ሲባል ያቺ ወደ ታች የወረደች መዳፍ ዓይኑ ላይ መጣች። ፈራ፣ ክፉኛ ፈራ። ፍርሃቱን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ በፍርሃቱ ፈንታ ሙግት ጀመረ።

«አታስብ» አሉት የጎረቤት አዛውንት፤ «ግፊት የሐሳብ በሽታ ነው።»

«እኔ መቼ አስቤ አውቃለሁ?»

«ይኼ እንኳ እውነቱን ነው» አለች ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «እሱ የሚያስበው ስለ ብሎን ነው።»

ክኒኖች ተሰጡት፣ ትንንሽ ነጭ ክኒኖች፣ በቀን አንድ። አምስት ቀን ዋጠ። በሁለተኛው ቀን ከወንበር ሲነሳ ቤቱ ዞረበት። በሦስተኛው የጣቢያው ደረጃ ተራራ ሆነበት። በአምስተኛው ቀን ለራሱ ፍርድ ሰጠ፤ ሳልታመም መድኃኒት ጀመርኩ፣ መድኃኒቱ አሳመመኝ። የክኒኑን እሽግ ካፖርት ኪሱ ውስጥ ከዘይት መጥረጊያ ጨርቁ ጋር ከተተው። በማግስቱ እንደ ድሮው ሆነ። ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ሚስቱ በየጠዋቱ «ዋጥክ?» ትለዋለች፤ «ዋጥኩ» ይላል። የዋጠው ምራቁን ነው፤ እንደ እሱ አነጋገር ውሸት አልተናገረም።

ከወር በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሰ። ሐኪሟ የሱን ልጆች የምታህል ወጣት ናት፤ ብዕሯን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ብዕር ስትፈልግ የምትውል። ክንዱ ላይ ያለውን ጨርቅ ነፍታ፣ አስተንፍሳ፣ ደግማ ነፋች።

«መቶ ሰባ ስምንት። አባባ፣ መድኃኒቱን አልወሰዱም።»

ምራቅ ስለመዋጥ የሚያወራው ተረት እዚህ እንደማይሠራ ገባው። «ልጄ፣ አልዋሽሽም፤ ተውኩት። ደህና የነበርኩትን ሰውዬ አደከመኝ። ደግሞ ልቤ ምን አጠፋች? እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ፓምፕ አውቃለሁ። ፓምፕ ታዛዥ ነው። ግፊት በዛ ብለሽ ፓምፑን ብትደበድቢ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ማን ነው ያዘዘው? እሱን ንገሪኝ።»

የምትቆጣ መስሎት ነበር። ሐኪሟ ግን ወንበሯን ወደ እሱ ሳበችና ፊቷ በራ። «ይኼን ጥያቄ የጠየቀኝ በሽተኛ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለች። ሁለት ጣቷን ከመንጋጭላው ሥር በአንገቱ ግራና ቀኝ አሳረፈች። «እዚህ ጋ፣ ትልቁ የደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት፣ ግፊት የሚለኩ ነርቮች አሉ። ደሙ ሲገፋ የደም ሥሩ ይለጠጣል፤ እነሱም መለጠጡን ይቆጥራሉ።»

«ጌጅ ነው በይኛ!» ጌጅ የሚለው ያንን ባለ ቀስት ክብ መለኪያ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ዓይኑ ያልተነቀለበትን።

«ጌጅ ይበሉት። ደግሞም ከልብ በላይ ባለው ዋናው ሥር ላይ አሉ።»

«ለማን ነው የሚናገሩት?»

«ለአንጎል። ለሚያስቡበት ክፍል አይደለም፣ እሱ አይሰማም። ከታች፣ አንጎል ወደ አከርካሪ በሚወርድበት ግንድ ላይ ላለው ነው። እሱ ሌት ተቀን ያዛል። ልብን ‹በርቺ› ይላል፣ የደም ሥሮችን ‹ጥበቡ› ይላል፣ ኩላሊትን ‹ጨውና ውኃ አትልቀቅ› ይላል። እርስዎ ሳያውቁ።»

ጋሽ ቆጣሪ ጭኑን በጥፊ መታ። «አላልኩሽም! ልቤ ታዛዥ ናት!» ቀጥሎ ግን ግንባሩ ተኮማተረ። «ታዲያ ይኼ አዛዥ ምን ነካው? መቶ ሰባ የሚያዘው አብዶ ነው?»

«እሱ ላይ ገና ብዙ የሚጠና ነገር አለ። የሁሉም ሰው ምክንያት ደግሞ አንድ አይደለም። በዘር የሚመጣበት አለ፣ ጨው የሚያበዛ አለ፣ ከኩላሊት የሚጀምርበት አለ። አንጎሉ ራሱ ትእዛዙን የሚያበዛበትም አለ። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ግፊቱ ቀስ በቀስ ጨምሮ እዚያው ሲከርም፣ እነዚያ ጌጆች ይለምዱታል። መቶ ሰባው ልክ ይመስላቸዋል። ‹ሁሉ ሰላም ነው› እያሉ ይነግሩታል፣ አንጎልም እዚያው ይጠብቀዋል። እርስዎ ክኒን ውጠው ግፊቱ ሲወርድ ‹ኧረ ግፊት ጠፋ!› ብሎ ይጮሃል። ያ ድካም፣ ያ ማዞር ብዙውን ጊዜ የሱ ጩኸት ነው።»

«እና ደህና ነኝ ስል የነበረው…»

«ስለለመዱት ነው እንጂ ደህና ሆነው አይደለም። ጥቂት ሳምንታት ቢታገሱት አዲሱን ይለምዳል። አሁን ከግማሽ እንጀምራለን፣ ቀስ ብለን እናወርደዋለን። ማዞሩ ከበረታብዎት እኔ ጋ ይምጡ እንጂ በራስዎ ፍርድ አያቁሙ።» ብዕሯን ከፀጉሯ ውስጥ አገኘችው። «የሚገርመው ደግሞ ያ ግፊት ሲቆይ ከሚጎዳቸው አንዱ ያው ያዘዘው አንጎል መሆኑ ነው።»

ይህን ስትል ጋሽ ቆጣሪ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። ሸሚዙን ግማሽ ድረስ ቆልፎ ቆመ። «ምልክቱ!» አለ።

«የምን ምልክት?»

«የኛ ምልክት። እኛስ ማን አዘዘን?»

ሐኪሟ ምንም አልገባትም። እሱም ለማስረዳት አልቆየም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደ።

በዋናው ጌጅ መስታወት ላይ፣ ስምንት ቁጥር አጠገብ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ምልክት አለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሙ በሚስቱ የጥፍር ቀለም የቀባት ናት፤ ሚስትየዋ እስከ ዛሬ ጠርሙሷ የት እንደገባች አታውቅም። ያኔ የላይኛው ሰፈር ውኃ አይደርሰውም ነበር። ታላቅየው አንድ ሳምንት ሙሉ ግፊቱን እየጨመረ፣ ሰው እየላከ፣ የላይኛው ሰፈር ቧንቧ የሚያንጠባጥብበትን ልክ አገኘና እዚያ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ማለት ቀስቷን ቀዩ ላይ መጠበቅ ሆነ። መሐንዲሶች መጥተው «ስንት ላይ ትሠራላችሁ?» ሲሉ «ምልክቱ ላይ» ይባላሉ፤ «ጥሩ ነው» ብለው ይፈርማሉ። ዝም አይነቅዝም ነው ነገሩ።

ታላቅየው ከወደቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የላይኛው ሰፈር የራሱ ትንሽ ጣቢያ ተሠራለት። እነ ጋሽ ቆጣሪ ያንን ሁሉ አቀበት መግፋታቸው ቀረ። ቀስቷ ግን ቀዩ ላይ ነበረች፤ ትናንትም ዛሬም። በታችኛው ሰፈር ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር ቆፋሪዎቹ እየመጡ «ቧንቧው አርጅቷል» ይላሉ፣ ይለውጡታል፣ አዲሱም ይፈነዳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ጋሽ ቆጣሪ፣ ያ ለዶሮ ጩኸት ሳይቀር ምክንያት የሚፈልገው ሰውዬ፣ ይህቺን አንዲት ነገር ሦስት ዓመት አልጠየቀም። ለምን እንደሆነ ያውቃል። ምልክቷ የወንድሙ ነች። ወንድሙ ከጣቢያው ከሄደ በኋላ ከእጁ ሥራ እዚያ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ለመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ስልክ ደወለ።

«ስንት ላይ ነው የምትሠሩት?»

«ምልክቱ ላይ።»

«ምልክቱ ስንት ላይ ነው?»

«ስምንት።»

መሐንዲሱም ጋሽ ቆጣሪ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲጠይቅበት የኖረውን ጥያቄ ጠየቀው፦ «ማን ነው ስምንት ያላችሁ?»

አምስት ተኩል ይበቃ ነበር። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንዲያወርደው ታዘዘ። «መጀመሪያ ሰሞን ውኃው ቀጠነ እያሉ ይጮሁባችኋል» አለ መሐንዲሱ፤ «ይለምዱታል፣ አትስሟቸው።» ጋሽ ቆጣሪ ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ምልክቷን ሊፍቅ ጨርቁን ነዳጅ ውስጥ ነክሮ መስታወቱ ፊት ቆመ። እጁ አልሄድ አለው። አምስት ደቂቃ ያህል እንደዚያው ቆየና ጨርቁን ኪሱ ከትቶ ወደ ወንድሙ ቤት ወጣ።

ታላቅየው እንደ ወትሮው በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ ነበር፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል። የወንድሙ ሚስት ሻይ ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ጋሽ ቆጣሪ ሁሉም እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃላቱን እየቆራረጠ ጀመረ።

«ጋሼ! እንዴት ነህ! ደህና ነህ!»

«ቆይ።»

«ያቺ ምልክት… ጌጁ ላይ ያለችው… ያንተ…»

«ቆይ። ቆይ።»

ወንድሙ ይቆጣ፣ ይዘን፣ ይግባው አይግባው፣ ከዚህች ቃል ማወቅ አይቻልም። ጋሽ ቆጣሪ ምልክትህን ልፍቅ ነው የሚለውን ቃል ማውጣት አቃተው። ቢያንስ ያሳየው ብሎ ጨርቁን ከኪሱ ሲጎትት የክኒኑ እሽግ አብሮ ወጣና ወለሉ ላይ ወደቀ። አላነሳውም። ቃል ስላጣ ብቻ፣ እጁ ሃያ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ በአየር ላይ ጌጁን በክብ ሣለ፣ ምልክቷን በጣቱ ነካ፣ መዳፉን ዘርግቶ ወደ ታች አወረደና ቅንድቡን ወደ ላይ አነሳ። ልቀንሰው?

የታላቅየው ግራ እጅ ከጉልበቱ ላይ ተነሳ። አራት ዓመት ከማንኪያ በቀር ለምንም ያልተነሳው እጅ። መዳፉ ተዘረጋ፣ ቀስ ብሎም ወረደ። ቀንስ።

ጋሽ ቆጣሪ ወደ ወንበሩ ቀረበ።

የወንድሙ እጅ አላረፈም። ወለሉ ላይ ወደወደቀው እሽግ ጠቆመ፤ እሱም የሚውጠው ዓይነት ነው፤ አምስት ጉድጓድ ባዶ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ። ከዚያ ወደ ታናሹ ራስ ጠቆመ። መዳፉ እንደገና ተዘርግቶ ወረደ፣ አሁን ፈጠን ብሎ፣ ድሮ ሥራ ላይ ሲቆጣ እንደሚያደርገው። ቀንስ!

ጋሽ ቆጣሪ አውራ ጣቱን ጆሮው ላይ አደረገ። ትሰማኛለህ?

ወንድሙ ጡጫውን ጨብጦ የራሱን ግንባር ነካ። ጡጫው በአየር ላይ ዞረ፣ ዞረ። ሞተሩ ይሠራል።

የወንድሙ ሚስት የሻይ ሰርቪሱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። «ምን እያላችሁ ነው?»

«እትዬ፣ ሞተሩ ይሠራል ይላል።»

«የቱ ሞተር?»

«የሱ። ውስጥ። አለ። ሁሉንም ይሰማል። አራት ዓመት ሙሉ እንደ ደንቆሮ ስንጮህበት ይሰማን ነበር። አንድ ቀን እንኳ በእጄ አላናገርኩትም። እዚህ ቤት ፓምፕ ስለሌለ እጄን ማንሳቱ ትዝ አላለኝም።»

ሴትየዋ ሰርቪሱን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የሻሿን ጫፍ ዓይኖቿ ላይ ጫነች። ቀና ስትል ባሏን አየችው፣ ቀጥሎ ጋሽ ቆጣሪን።

«ጠይቅልኝ።»

«ምን ልጠይቅልሽ?»

የአራት ዓመት ጥያቄ ነበራት፤ ምንም አልመጣላትም። «ሻዩን» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው የማደርግለት። ይስማማዋል ወይ በለው።»

ለስኳር ምልክት የላቸውም፤ ጣቢያው ውስጥ ስኳር ተወርቶ አያውቅም። ጋሽ ቆጣሪ ስኒውን አሳየ፣ ጣቱን ላሰ፣ ቅንድቡን አነሳ። ታላቅየው ስኒውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ መዳፉ ተዘርግቶ ወረደ፣ ወረደ፣ ከወንበሩ መቀመጫ በታች ወረደ። የግራ ከንፈሩ ጠርዝ ሲፈግግ ሚስቱ በእንባዋ መሀል ሳቋ አመለጣት።

«አንተ ሰውዬ! አራት ዓመት በስኳር ገድዬሃለሁ!»

«ቆይ» አለ ታላቅየው።

ጋሽ ቆጣሪ ጎንበስ ብሎ እሽጉን ከወለሉ አነሳ። አንዷን ክኒን ፈልቅቆ፣ እንደታዘዘው ለሁለት ሰበራትና ግማሿን ምላሱ ላይ አደረገ። የቀረበለት ሻይም ሦስት ማንኪያ የተጨመረበት ነበር፤ በሱው ዋጣት። ወንድሙ ክኒኗ እስክትወርድ ድረስ ከጉሮሮው ላይ ዓይኑን አልነቀለም።